«ድኛለሁ» በል ያልኩህ ቀን

ሞገስዬ፣ አካሌ፣

ከተለየኸኝ ዘጠኝ ወር ሞላ። እስከ ዛሬ ብዕር ያላነሳሁት ረስቼህ አይደለም፤ የምነግርህን ነገር መጀመሪያ ለራሴ ማመን አቅቶኝ ነው።

ልጃችን ሂሩት የፊት ጥርሷ ወልቆ ሌላ በቅሎላታል። አባትህ መሪጌታ ከማኅሌት አይቀሩም፤ ድምፃቸው ግን ወርዷል። እኔም እዚያው ሆስፒታሉ ላብራቶሪ ነኝ። አራዳ ገበያ ስወጣ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በኩል ማለፍ ትቻለሁ። ፎቶግራፍህ ዛሬም ግድግዳው ላይ ነው፤ ከሥሩ «በወዳጅ አገር ሕክምና የዳነው ጓድ» ይላል። አንድ ቀን ሊቀመንበሩን «ሰውየው እኮ ሞቷል፤ ምነው አታወርዱትም?» አልኩት። «ቢሞትም ድኖ ነበር» አለኝ።

የጂኦግራፊ መምህር ሆነህ ዘምተህ፣ ራስህ ውስጥ የቦምብ ፍንጣሪ ይዘህ ተመለስክ። ወር ሳይሞላህ ይጥልህ ጀመር። ጠመኔ እንደያዝክ ሰሌዳው ሥር ስትወድቅ ተማሪዎችህ እየጮኹ ይበተኑ ነበር። ከሌሎች ቁስለኞች ጋር ወደ ሩሲያ ሲልኩህ እኔ ስለት ተሳልኩ። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ መጣህ። ጎንህ ተቀምጬ የራስህን ጠባሳ ስዳብስ እንዲህ ብለህ ነገርከኝ፦

«ቀጫጭን የወርቅ ሽቦ አንጎሌ ውስጥ ከተቱ። በሽቦው ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲልኩ በሽታው ዝም አለ። አራት ወር አንድ ቀን እንኳ አልጣለኝም። ከዚያ ኃይሉን ቢጨምሩ፣ ቢጨምሩ፣ አልሰማ አለ። ሐኪሟ አልዋሸችኝም፤ አንጎልህ ሽቦውን በጠባሳ ሸፍኖታል አለችኝ። ሽቦዎቹን ሲያወጡ ሁለቱ ተጣብቀው ነበርና፣ ደም እንዳይፈሰኝ ብለው ቆርጠው እዚያው ተዉአቸው።»

በሳምንቱ ሊቀመንበሩ ቤት ድረስ መጣ። እሑድ በስብሰባው ፊት ቆመህ መዳንህን እንድትመሰክር አዘዘህ። እሱ ሲወጣ አንተ «የሆነውን እናገራለሁ፤ አራት ወር ረድቶኝ ነበር፣ ከዚያ አቃተው እላለሁ። ይህ ምን ክፉ ቃል አለው?» አልከኝ።

ክፉ ቃል አልነበረውም። ግን በዚያ ዘመን ክፉ ያልሆነ ቃል ተናግሮ ወደ ቤቱ ያልተመለሰ ሰው ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እጅህን ይዤ «ስለ ሂሩት ብለህ፣ ድኛለሁ በልና ቁጭ በል» አልኩህ። ብዙ አየኸኝ። ከዚያ «እሺ» አልክ።

እሑድ በስብሰባው ፊት ቆመህ አልክም። ጭብጨባው አዳራሹን ናጠው። እኔም አጨበጨብኩ። ዓይንህ እኔን ፈልጎ ሲያገኘኝ እጄ ገና አላረፈም ነበር።

የዳነ ሰው ሥራ ይሰጠዋል። በአሥራ አምስተኛው ቀን አይከል ከተማ ለሚሠለጥኑ ሚሊሺያዎች አስተማሪ ሆነህ ተመደብክ። «በሽታዬ አለቀቀኝም» ብትላቸው «በሕዝብ ፊት ድኛለሁ ያልከው አንተ ነህ» አሉህ። ቦርሳህን ሳዘጋጅ አንዴ እንኳ «አንቺ ነሽ» ብትለኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። አንተ ግን የሂሩትን ደብተሮች በጋዜጣ ስትለብድላት ዋልክ።

ሦስት ሳምንት ቆየህ። አንድ ጠዋት ፊትህን ልትታጠብ ወንዝ ወርደህ እዚያው ጣለህ። ውሃው ከጉልበት አያልፍም አሉኝ። በአፍህ ተደፍተህ አገኙህ። በጭነት ማኪና አመጡህ።

የሆስፒታላችን ሐኪም ራስህን ከፍቶ ለማየት ፈቃድ ጠየቀ። ዘመድ ሁሉ «ሬሳ ይቆረጣል ወይ!» ብሎ ተነሣ። አባትህ አፋቸው ላይ የያዙትን ጋቢ ወደ ትከሻቸው መለሱ። ከዚያ «ይየው» አሉ፤ «ልጄ ድኖ ሞተ እንዳይሉብኝ።»

ሐኪሙ የላብራቶሪውን ሥራ ሌላ ሰው ይሥራው ቢለኝ እንቢ አልኩ። እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ከሰነበተው አንጎልህ በስሱ የቆረጥኩት፣ ቀለም ያስነካሁት እኔ ነኝ። ሽቦዎቹ በነበሩበት ዙሪያ እንደ ጅማት ጠንከር ያለ፣ ነጣ ያለ ሽፋን ነበር። በማይክሮስኮፑ ሳይ፣ ሽቦው በተወው ቀዳዳ ጠርዝ ጠባሳ የሚሠሩት፣ የኮከብ ቅርጽ ያላቸው ሴሎች ክንዳቸውን አጠላልፈው ቆመዋል። መልእክት የሚያስተላልፉት ሴሎች ግን አጠገቡ የሉም፤ ፈንጠር ብለው ነው ያገኘኋቸው።

«አንጎል መድኃኒትና ጥይት አይለይም» አለኝ ሐኪሙ። «ባዕድ ነገር ሲገባበት መጀመሪያ ይቆጣል፣ ያብጣል። ካልወጣለት በጠባሳ ይከልለዋል። ሽቦው አልተበላሸም፤ ኤሌክትሪኩ ግን በጠባሳው አልፎ እንደ ልቡ አይደርስም።»

ሩሲያዊቷ የነገረችህ ይህንኑ ነበር። ባዕዳቸው ስትሆን ሁለት ሐኪሞች እውነቱን አልደበቁም። ደብቅ ያልኩህ እኔ ሚስትህ ነኝ።

ሐኪሙ ያየውን ሁሉ ጻፈ። አንድ ሰው ከጽሕፈት ቤት መጥቶ ወረቀቱን ወሰደው። በምትኩ የሰጡን «ውሃ ወስዶት» ይላል። ከጉልበት የማያልፍ ውሃ!

በጥምቀት ሂሩትን ይዤ ቀሐ ወንዝ ወረድኩ። ከመዝመትህ በፊት በነበረው ዓመት ትከሻህ ላይ ሆና ስትዘል ባርኔጣህን ውሃ ውስጥ ጥላብህ፣ ሦስታችንም ሆዳችንን ይዘን ስንስቅ ትዝ አለኝ። ዘንድሮ ውሃው አጠገብ ስንደርስ ቆመችና «እማዬ፣ አባዬን የወሰደው እንዲህ ያለ ውሃ ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። ይኸው፣ ለሷም ዋሸሁ።

ሞገስዬ፣ አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ በእጄ የቆረጥኩትን እንዴት አድርጌ እረሳለሁ? የምገባልህ ቃል ሌላ ነው። ሂሩት ነገር ስትለይ ሁሉን እነግራታለሁ፤ ሽቦውን፣ ስብሰባውን፣ አባቷን «ድኛለሁ በል» ያለው ማን እንደሆነ። ከሰው ሳይሆን ከኔ አፍ ትሰማዋለች። ከዚያ ያሰኛትን ትበለኝ። አንተ ሳትቆጣኝ ሄደሃል፤ እሷ ትቆጣልህ።

አበባ