ክቡር ድንች ሆይ

ማክሰኞ፣ ማርች 4፣ 1986

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ ፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ ቁጭ። ትኬት መቀበል፣ መልስ መስጠት፣ "ሃቭ ኤ ናይስ ደይ" ማለት። አንዱ ክራባታም፣ "ከየት ነሽ?" አለኝ። ነገርኩት። "እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው" አለኝ። "ያንተም" አልኩት። መስኮቱን ዘግቶ ሄደ... ጥሩ ቀን ነበር።

ከሥራ በኋላ በርክሌ። ላይብረሪው ውስጥ ኤግዚቢሽን አለ ያለችኝ ሄርታ ናት፣ የቤቱ ባለቤት። ፎቅ ላይ ያለችውን ክፍል የምታከራየኝ እሷ ናት። "አንቺ ሂጂ፣ እኔ እግሬን ያመኛል" አለች። ውሸቷን ነው። እግሯ ከኔ ይሻላል።

ቴሬዚን በሚባል ከተማ ናዚዎች ያጎሯቸው የአይሁድ ልጆች የጻፏቸው ግጥሞች ናቸው። ሥዕሎችም አሉ። አብዛኞቹ ልጆች ከዚያ በባቡር ተወስደው ተገድለዋል። ለማልቀስ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ መሐረብ ሁሉ ይዣለሁ። ግን... አንዳንዱ ያስቃል! ልጅ ልጅ ነው። ታስሮም ያሾፋል፣ ያጉረመርማል። ዞር ብዬ አየሁ፤ ሰው ሁሉ እጁን አጣምሮ ቤተ ክርስቲያን የገባ መስሏል። ፈገግ ያልኩት እኔ ብቻ። አንዷ ሴትዮ ገላመጠችኝ።

ትገላምጥ። እኔ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ቀበሌ ታስሬ፣ ለቁንጫዎቹ ማዕረግ እንሰጥ ነበር። ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ኮሎኔል... እሷ ይህን ምን ታውቃለች?

ረቡዕ፣ ማርች 5

"እንዴት ነበር?" አለችኝ ሄርታ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳህን እያጠበች።

"አንዳንዶቹ ያስቃሉ።"

ሳህኑን አስቀመጠች። ዞረች። አለቀልኝ አልኩ፣ ዛሬ ሻንጣዬን በረንዳ ላይ አገኘዋለሁ።

"ወንድሜም ይጽፍ ነበር" አለች። "ሩዲ። እዚያው ቴሬዚን። የሱን ግን የትም አታገኚውም። አንዲት ወረቀት አልተረፈችም።"

"ጎበዝ ነበር?"

"ምንም አይረባም ነበር! አሥራ ሁለት ዓመቱ እኮ ነው። የሚጽፈው ስለ ሾርባ ብቻ።"

ከዚያ፣ እጇ ሳሙና እንደሆነ፣ አንዱን ግጥሙን በቃሏ ወጣችው። መጀመሪያ በጀርመንኛ፣ ቀጥላ በእንግሊዝኛ። የሾርባ ሰልፍ ላይ ይለው ነበር አለች። ሰልፉ በሙሉ ይስቅ ነበር። በ1944 ኦክቶበር ባቡር ላይ ጫኑት። እሷ ቀረች።

"ከፈለግሽ ወደ ቋንቋሽ መልሺው። ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ለምታስተምሪያቸው ልጆችም ስጫቸው። ግን ሩዲ የጻፈው ለማሳቅ ነው። ሰው ካልሳቀ ሁለተኛ እንዳታስነብቢው። ሰዎች ስለሱ ስነግራቸው ያለቅሳሉ፣ ከዚያ እኔ ነኝ የማባብላቸው። ደክሞኛል።"

ቃል ገባሁላት። ሐበሻን ስለ ሞተ ልጅ እያነበብኩ ላስቅ! ምን ነካኝ?

ቅዳሜ፣ ማርች 8

ትርጉሙን ስንቴ ጽፌ ቀደድኩት። ዛሬ ጠዋት ቡዝ ውስጥ እያለሁ መጣልኝ፦

ክቡር ድንች ሆይ፣ ዛሬም አጣሁዎት፣
ሾርባው ውስጥ ፈልጌ፣ ዞሬ ብጠራዎት።
ትናንት ታይተው ነበር፣ ጓደኛዬ አይቶዎት፣
ምነው ለኔ ጊዜ ሥራ በዛብዎት?
ማንኪያዬን ታጥቄ ደጅ እጠናለሁ፣
ብቅ ቢሉ ብዬ ቁልቁል አያለሁ።
ነገም ካልተገኙ እቀየማለሁ፣
አቤቱታዬንም ለሽንኩርት አቀርባለሁ።

ድንቹን አንቱ ያልኩት ከራሴ አምጥቼ አይደለም። ሩዲም አንቱ ብሎታል።

ከሰዓት በኋላ የአማርኛ ትምህርት። ግጥሙን ለሂወት ሰጠኋት፣ ለጓደኛዬ ለኣልጋነሽ ልጅ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አማርኛው ይገባታል፣ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

"ዌት... ሂ ኢዝ ቶኪንግ ቱ ኤ ፖቴቶ?"

"አዎ።"

"ላይክ ኢትስ ሂዝ ቦስ?"

"እንደ ሚኒስትር።"

ተንከተከተች። ከዚያ ቆም አለች። "ኢዝ ሂ ዴድ?"

"አዎ።"

"ካን አይ ስቲል ላፍ?"

"የጻፈው ለዚያው ነው።"

አሰበችበት። "ኦኬ" አለች። ኤፕሪል 12 ሳን ሆዜ የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን የልጆች ቀን አለ። እሷ ታነበዋለች። ሄርታንም እጋብዛታለሁ።

ሐሙስ፣ ማርች 20

በንዴት እስክሪብቶውን እየተጫንኩ ነው የምጽፈው። ጽሕፈቴን ተመልከቱት... ማን ነው የሚመለከተው ደግሞ!

አቶ ተክለጻድቅ፣ የማኅበራችን ሊቀመንበር፣ ለፕሮግራሙ የሰጠሁትን ግጥም "ትንሽ አቃናሁልሽ" ብሎ ሌላ ወረቀት ሰጠኝ። እንዲህ ይላል፦

ወዮ ለዚያ እንቡጥ፣ ወዮ ለዚያ ፍሬ፣
በረሃብ አለንጋ ተገርፎ እንደ በሬ፣
ሰማይ ሆይ ዕንባህን አውርደው እስከ ዛሬ!

እንዲህ እያለ አንድ ገጽ ተኩል።

"ድንቹ የት ሄደ?" አልኩት።

"ድንች ግጥም ውስጥ አይገባም።"

"ሩዲ አስገብቶታል እኮ።"

"ልጅ ነዋ! እኛ ትልልቆቹ ከፍ እናደርግለታለን እንጂ።"

"ጋሽ ተክለጻድቅ፣ በሬውን ከየት አመጡት?"

"አንቺ ልጅ፣ ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስለገባሽ ሁሉን ያወቅሽ አይምሰልሽ። ሕፃን ሞቶ በድንች ይቀለዳል? አይሁዶቹ ቢሰሙ ምን ይሉናል?"

"የሰጠችኝ አይሁዷ እህቱ ናት!"

"ሐዘን አናውጧት ይሆናላ።"

ፕሮግራሙን አሳየኝ። ታትሞ አልቋል። "ግጥም፦ በአቶ ተክለጻድቅ። አንባቢ፦ አቶ ተክለጻድቅ።" የሩዲ ስም የለም። ሂወት የለችም። የኔም የለም። የኔስ ይቅር... አይ! ለምን ይቀራል? ያገሬ መንግሥት ስሜን ሲሰርዝ ዝም ያላልኩ፣ ለሱ ዝም ልል ነው?

"ግጥሙ የርስዎ ከሆነ ሾርባውንም እርስዎ ይጠጡት!" ብዬው ወጣሁ። በሩን ዘጋሁት። በደንብ። በጣም በደንብ።

አሁን ሄርታን ምን ልበላት? ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሊያለቅስባት ነው። እሷም ልታባብል ነው።

እሑድ፣ ማርች 23

ሂወት መሰረዟን ልነግራት ለኣልጋነሽ ደወልኩ። የድንቹንም የበሬውንም ነገር ዘከዘክኩላት። አንዱንም አልሰማችኝም።

"ቆይ፣ ቆይ... የቤትሽ ባለቤት ወንድሟ ሞቶባታል?"

"አዎ፣ ግን ነገሩ..."

"እኛ ደግሞ ለቅሶ አልደረስንም?"

"ኣልጌ፣ በ1944 እኮ ነው የሞተው!"

"ታዲያ አልሰማንማ!"

ዘጋችብኝ። ሻዬን ሳልጨርስ እትዬ ሮማነወርቅ ደወሉ። እዚህ ኦክላንድ ውስጥ ሠርግም ለቅሶም ያለሳቸው አይሆንም።

"የወርቅውሃ፣ እንዲህ ያለ ሐዘን ቤት ተቀምጠሽ ትደብቂናለሽ?"

"እትዬ፣ አርባ ዓመት አልፎታል..."

"ማን ደረሰላት?"

"እ?"

"ያን ጊዜ ለቅሶ ማን ደረሰላት ነው የምልሽ።"

ማን ሊደርስ? ጎረቤቱም፣ አክስቱም፣ አጎቱም በዚያው ባቡር...

"ማንም፣ እትዬ።"

"በይ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንመጣለን። እንዳትነግሪያት። ለቅሶ በቀጠሮ አይደለም።"

እሑድ፣ ማርች 30

ዛሬ የፈረንጆቹ ፋሲካ ነው። የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ሣር ላይ ቀለም የተቀባ እንቁላል ይፈልጋል። በዚህ መሐል ከኣልጋነሽ ዳትሰን መኪና ውስጥ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ይወርዳሉ... ይወርዳሉ... አያልቁም። ድስት ይዘዋል፣ ሽሮና ምስር፣ ሁዳዴ ነዋ። መጨረሻ ላይ ሂወት ከድስቶቹ ሥር ወጣች። እንቁላል የሚፈልጉት ልጆች ፍለጋቸውን አቆሙ።

ሄርታ በሮዝ ፒጃማ ከፈተች። አየቻቸው። ወደኔ ዞረች።

"ማነው የሞተው?"

"ሩዲ" አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

እትዬ ሮማነወርቅ ገፍተውኝ ገቡ። ሁለት እጇን ያዙ። "እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ። ዘገየን። አልሰማንም ነበር። ተርጉሚ፣ ምን ያስቆምሻል!"

ተረጎምኩ።

ገብተው ተቀመጡ። ሄርታ አጠገቤ መጥታ፣ "ምን ላድርግላቸው? ላባብላቸው?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ምንም። ዛሬ ተረኛዎቹ እነሱ ናቸው። አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ።"

ተቀመጠች። በፒጃማዋ፣ በእትዬ ሮማነወርቅና በኣልጋነሽ መሐል። እንደ ትንሽ ልጅ ሽሮ አጎረሷት። አልተቃወመችም። ሄርታ! ምንጣፉን በጫማ ረገጥሽ ብላ አንድ ሳምንት የምታኮርፈኝ ሴትዮ!

ምግቡ ሲነሣ እትዬ ሮማነወርቅ ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ። አወቅኩት። ለቅሶ ቤት ይህ ሰዓት አለ። የሚለቀሰው ከተለቀሰ በኋላ ሐዘንተኛን ማጫወት ነው።

"እስቲ አጫውቺን። ምን ዓይነት ልጅ ነበር?"

ሄርታ አሰበች። "ሌባ" አለች። "ማበጠሪያዬን ሰርቆ ለጓደኞቼ ያከራይ ነበር።"

ተረጎምኩ። "ጎሽ!" አሉ እትዬ። "ነጋዴ ይወጣው ነበር!"

ሂወት ከወለሉ ተነሣች። ማንም አላዘዛትም። እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ጀመረች፣ ክቡር ድንች ሆይ... ሄርታ አማርኛ አንድ ቃል አትሰማም። ከንፈሯ ግን አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ሽንኩርቱ ጋ ሲደረስ ኣልጋነሽ ጮኻ ሳቀች። እትዬ ሮማነወርቅ ሆዳቸውን ያዙ። ሄርታም ከወንበሯ ብድግ ብላ፣ "እዚህ ጋ ነው! ሰልፉም የሚስቀው እዚሁ ጋ ነበር!" አለች።

ከዚያ አለቀሰች። ማንም ተይ አላላትም።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12

ከሳን ሆዜ አሁን ገባን። ጫማዬን ሳላወልቅ ልጻፈው።

አዳራሹ ጢም። ሄርታ ፊት ወንበር፣ እኔ አጠገቧ። አቶ ተክለጻድቅ መነጽሩን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። "ወዮ ለዚያ እንቡጥ..."

እትዬ ሮማነወርቅ ብድግ አሉ። "አቶ ተክለጻድቅ፣ ይቅርታ።"

"እትዬ፣ ፕሮግራም ላይ ነን።"

"የልጁን ለቅሶ እኛ ደርሰናል። እርስዎ አልነበሩም።"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ፊቱ! ይህ ሰውዬ ለቅሶ ቀርቶ አያውቅም። ሳክራሜንቶ ድረስ ነድቶ ይደርሳል።

"እኔ... አልሰማሁም ነበር" አለ።

"እሱስ ዘግይተውም ይደርሳሉ። ግን ለቅሶው አልቋል። አሁን ማጫወቻው ነው። ልጅቷ ታጫውተን።"

ወረቀቱን አየ። እኛን አየ። ይጮሃል ብዬ ነበር። አልጮኸም፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ከመድረኩ ወርዶ ሄርታ ፊት ቆመ፣ ጎንበስ ብሎ እጇን ጨበጠ። "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አለ፣ በአማርኛ። እሷም "ታንክ ዩ ፎር ካሚንግ" አለችው። ለምዳዋለች እኮ!

ክፉ ሰው አይደለም ማለት ነው? ...አሁንም ተናድጄበታለሁ።

ሂወት ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገች። "የጻፈው ሩዲ ነው። ትራንስሌት ያደረገችው የወርቅውሃ ናት። ላፍ ማድረግ ይቻላል።"

ተቻለ። ልጆቹ መጀመሪያ፣ ከዚያ እናቶቹ፣ ከዚያ ከኋላ የቆሙት ታክሲ ነጂዎች። ሄርታ በክርኗ ጎሸመችኝ፣ አሁንም ያመኛል። አቶ ተክለጻድቅም ሽንኩርቱ ጋ ሳቀ። ሳቀና ማን እንዳየው ዙሪያውን ቃኘ።

እኔ አይቼሃለሁ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 20

በሬ ተንኳኳ። ሄርታ። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ኬክ ይዛ። ይህን ሁሉ ጊዜ ስኖር ደረጃውን ወጥታ አታውቅም።

"ቅቤ አለው?"

"ብዙ።"

ሁዳዴ... እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በላሁ። እሷ ወንበሬ ላይ፣ እኔ አልጋዬ ላይ።

"ያንቺስ ማነው?" አለችኝ።

"የኔ ምን?"

"እኔ ላይ አትቀልጂ።"

አምሐ። ታላቅ ወንድሜ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር ሲገድሉት። ለቅሶ መቀመጥ ተከልክሎ ነበር፤ እናቴ ጥቁር እንኳ አልለበሰችም። አገሩን ሁሉ ስሻገር፣ እዚህም መጥቼ፣ ለአንድ ሰው አልተናገርኩም። ዛሬ ተናገርኩ፣ አፌ ውስጥ ቅቤ እንዳለ።

"ምን ዓይነት ልጅ ነበር?" አለች።

የስኳሩን ነገርኳት። የቀበሌ ስኳር ሰልፍ እንዲያሳልፉት ብሎ የአባታችንን ክራባት አስሮ ሄደ። ካድሬ መሰላቸው። ይዘው ስብሰባ እንዲመራ አስቀመጡት። ማታ ድምፁ ዘግቶ መጣ፣ ስለ ሴቶች ማኅበር ሲያስረዳ ውሎ።

"ስኳሩስ?"

"ረሳው።"

ሄርታ ኬኳን አስቀምጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ለቅሶው መጣ፣ ስምንት ዓመት የቆየው። አላባበለችኝም። አጠገቤ ተቀመጠች፣ እስኪጨልም።

ስትወጣ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ "ለሮማነወርቅ ደውዬላታለሁ፣ ነገ ሁሉም ለቅሶ ሊደርሱሽ ይመጣሉ" አለችኝ። ደውዬላታለሁ? አንዷ አማርኛ አታውቅ፣ አንዷ እንግሊዝኛ አታውቅ! በምን ተግባቡ? ደግሞ ይህች ክፍል ማንን ትይዛለች?

አሁን ደግሞ ኣልጋነሽ ደወለች። አቶ ተክለጻድቅ የአዳራሹን ወንበሮች ጭኖ ሊመጣ ነው አለችኝ። ይምጣ። ወንበሮቹን በደስታ እቀበላለሁ። ግጥም ይዞ ከመጣ ግን ደረጃውን አይወጣም።