በተጠርጣሪነት ስለተያዘው የባለቤቴ ልብ

ቦንጋ፣ ሚያዝያ 1968 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ድምፅዎ ከፍ ብሎ እንዲቆይልን እመኛለሁ። እኔ የልብስ ሰፊው የገብረወልድ ባለቤት ነኝ፤ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ ነው።

እንደሚያውቁት ባለቤቴ ከሁላችን ጋር የፈንጣጣ ክትባት ተከተበ። እኛ ክንዳችንን አክከን ዳንን፤ እሱን ግን በሳምንቱ ደረቱን ይወጋው፣ ትንፋሽም ያጥረው ጀመር። ሐኪሙ የልቡ ጡንቻ መቆጣቱን ነገረን። ፈንጣጣ ስንቱን እንደጨረሰ ስለምናውቅ ክትባቱን አልረገምንም፤ ሐኪሙም እንዲህ ያለው ነገር ከስንት ሰው አንዱን የሚያገኝ ነው፣ ምክንያቱም ገና በውል አልታወቀም አለን። የሚጠረጠረው በሽታን ለመከላከል የተነሡት የሰውነቱ ጠባቂዎች ተሳስተው ልቡንም እንደ ጠላት ቆጥረው መትተውት ይሆናል ተብሎ ነው። ዕረፍት ካገኘ ይድናል፣ ሸክም ግን ሊገድለው ይችላል ብሎ ጻፈልን።

የሐኪሙን ወረቀት ባቀረብንልዎ ጊዜ ላነበቡበት ትጋት ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ቅሬታዎቼ ግን እነሆ።

አንደኛ፣ ጠባቂ ያለ ምክንያት እንደማይመታ አስረድተው፣ ልቡ አንድ ነገር ቢያጠፋ ነው በማለት በተጠርጣሪነት አስመዘገቡት። እኛ ያልተማርነው ይህን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንለዋለን፤ እርስዎ ግን ማጣራት አሉት።

ሁለተኛ፣ ልቡ በስብሰባ ፊት ግለ ሂስ እንዲያደርግ ታዘዘ፤ የጤና ጣቢያው ድሬሰርም ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ የሰማውን ለቃለ ጉባኤ እንዲያስጽፍ ተደረገ። ጸሐፊው ዱብ ዱብ የሚለውን ጽፎ ጽፎ እጁ ዛለ፤ ኮሚቴውም ተጠርጣሪው አንድ ቃል እየደጋገመ ጥያቄውን ሸሽቷል ሲል ወሰነ።

ሦስተኛውን ስጽፍ ቀልዱ ይጠፋብኛል። ንጹሕ ልብ ድንጋይ አይፈራም ተብሎ፣ ባለቤቴ ቅዳሜ ለጽሕፈት ቤቱ አጥር ከወንዙ ድንጋይ እንዲያመላልስ ታዟል። ያንን ዳገት በዚህ ጭቃ ጤነኛውም በዳዴ ነው የሚወጣው። ባሌን እወደዋለሁ፤ እንዲሞትብኝ አልፈልግም።

ተጠርጣሪው ልብ እንዳያመልጥ ጥበቃዎችዎ ደጃፋችን ላይ ቆመው ስለሚያድሩ ሌባ እንኳ እንዳይደፍረን ላደረጉልን ውለታ እጅ እየነሣሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ከተጠርጣሪው ልብ ጋር በአንድ አልጋ የምታድረው፣
የሺሃረግ ተድላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቅዳሜን ሳይጠብቁ ጎረቤቶቻችን የባለቤቴን ድርሻ ተካፍለው ዛሬ ጠዋት አመላልሰው ጨርሰዋል፤ አሮጊቷ እትዬ ሀጂራ እንኳ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት አንድ ድንጋይ አምጥተዋል። ስለዚህ በእርስዎ መለኪያ የቀበሌው ልብ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል፤ ያልተፈተነው የእርስዎ ብቻ ነው። ትልቁን ድንጋይ ወንዙ ዳር ትተንልዎታል።