ከበሩ እስከ ባሕሩ

ሰኞ፣ ጥር 4

አየር ጤና ላይ ግማሽ ሰዓት የታክሲ ሰልፍ። ቤቴል ስደርስ አለቃዬ ኢህሳን የጉዞ ወኪል ቢሮውን ከፍቶ ራሱ እየጠረገ ነበር። "ሀይፋ፣ ደህና አደርሽ ልበል ደህና ዋልሽ?" አሽሟጣጭ!

ረፋድ ላይ ሁለት አዛውንት ገቡ። ጋሽ ደግፌና ባለቤታቸው እትዬ ብርቅዬ። አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላቸው። አርባ ዓመት በትዳር፣ አንድ ቀን ዕረፍት የለም። ልጆቻቸው አዋጥተው "ዛንዚባር ሂዱ" ብለዋቸዋል። የጋሽ ደግፌ ልብ ግን ወሊሶ ፍል ውሃ ነው።

"ይሄ ዛንዚባር ስሙን ያህል ነው ወይስ ወሬ ነው?" አሉኝ።

እትዬ ቀደሙኝ። "አንቺ አይተሽዋል የኔ ልጅ?"

"ሁለቴ!"

አፌ ነው ያለው። እኔ ከሐዋሳ ወዲያ ረግጬ አላውቅም። ሥራ ስጀምር ኢህሳን "ሄጃለሁ በይ፣ ደንበኛ ያላየ ሰው አያምንም" አለኝ፤ ይኸው አራት ዓመት ሄጃለሁ እላለሁ። ግን ሁለቴ? ሁለቴ ደግሞ ከየት መጣ?

"በቃ፣ እሷን አምነን እንሄዳለን" አሉ እትዬ። ጋሽ ደግፌ ወሊሶን በዓይናቸው ተሰናበቱ።

ዓርብ፣ ጥር 8

ትኬታቸውን ሊወስዱ መጡ። የእትዬ ጥያቄ አያልቅም። ጋቢ ልያዝ? በሶስ? ረቡዕና ዓርብ ምን እንበላለን? ለሁሉም መልስ አላጣሁም።

ከዛ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ባሕር አይተው አያውቁም። በስድሳ ሦስት ዓመታቸው! በደረሱ ማግስት ጠዋት፣ ቁርስ እንኳ ሳይበሉ፣ እግራቸውን ውሃው ውስጥ መንከር ነው የሚፈልጉት። ሌላው ቢቀርም ግድ የላቸውም።

"ጉልበቴ ግን ብዙ አያስኬደኝም። ከሆቴሉ በር እስከ ባሕሩ ስንት እርምጃ ነው?"

"ሃያ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ቆጥሬዋለሁ እትዬ።"

ቆጥሬዋለሁ... ምን ሆኛለሁ እኔ? ፎቶው ላይ ግን ቅርብ ነው። በጣም ቅርብ።

ዓርብ፣ ጥር 15

ሄዱ። ከኤርፖርት ደውለው መረቁኝ። ጋቢውን ይዘዋል።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ። ጋሽ ደግፌ።

"ሀይፋ፣ ባሕሩ የለም።"

"እንዴት የለም?"

"የለም እልሻለሁ! ትናንት ስንደርስ እደጃፉ ነበር። ደክሞን ለጠዋት አልነው። ዛሬ ብንነሳ ሄዷል! አሸዋ ብቻ። እርምጃ ስቆጥር ስድስት መቶ ላይ ሰልችቶኝ ተመለስኩ።"

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ከኋላ የእትዬ ድምፅ ተሰማ... "ሁለቴ የሄደች ልጅ እንዴት ይሄን አትነግረንም?"

ሳቄ ጠፋ። ስልኩም ተቋረጠ።

ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሸሻል፣ ሁለቴ ይመለሳል። ስለ ዛንዚባር የጻፈ ሁሉ ጽፎታል። አራት ዓመት ሙሉ የሸጥኩት እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው! የምልካቸው ሙሽሮች እንደሆነ ተመልሰው መጥተው አያወሩኝም።

አፈርኩ። በጣም አፈርኩ። እሺ ሌላው ይቅር፣ ያ የእግራቸው ነገር...

እሑድ፣ ጥር 17

አልደወሉም። እኔም አልደፈርኩም።

ዓርብ፣ ጥር 22

መጡ!

ጋሽ ደግፌ ፀሐይ አጥቁሯቸዋል። እትዬ ፌስታል ሙሉ ቅርንፉድ ይዘው ገብተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

"አልሄድሽም አይደል?"

ኢህሳን ከኮምፒውተሩ ቀና አለ። በቃ፣ ጉዴ ፈላ።

"አልሄድኩም እትዬ። አንዴም።" እንባዬ መጣ።

"አርባ ዓመት ዕቃ ሸጫለሁ" አሉ ጋሽ ደግፌ። "ያልነዳሁትን መኪና ነድቼዋለሁ ብዬ ግን አላውቅም።" ተቆጥተዋል። ደግሞ እውነታቸውን ነው።

"ተዋት አሁን!" እትዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ስሚኝ። የሆቴሉ ሰው ስምንት ሰዓት ይመለሳል አለን። ሰዓታቸው ደግሞ እንደኛ ነው፣ ታምኛለሽ? ሁለት ወንበር አሸዋው ላይ አወጣንና ቁጭ። አምስት ሰዓት ሙሉ! እሱ ሱቅ የለው፣ እኔ ጓዳ የለኝ። ምን እናድርግ? አወራን። ለካ ገና ብዙ ወሬ ነበረን።"

ጋሽ ደግፌ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። አፍረው ነው።

"ከዛ መጣ። ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ... እግሬን ነካኝ። ሃያ እርምጃ አልሽኝ፤ እኔ አንድም አልተራመድኩም። ከተቀመጥኩበት መጣልኝ!"

እያለቀስኩ ሳቅኩ። ኢህሳን ሳይቀር ሳቀ።

"ታዲያ ስሙን ያህል ነው?" አልኳቸው።

ጋሽ ደግፌ ዞሩ። "ምግባቸው በርበሬ አያውቅም። ባሕሩ ዳር ያሉት ሻጮች አያስቀምጡም፤ አንዱንማ የዋጋ ድርድር አስተምሬው መጣሁ። ባሕሩ ግን..." አሰቡ። "ስሙን ያህል ነው። ሲኖር።"

ሰኞ፣ የካቲት 2

ከሳንሱሲ ሰፈር ሙሽሮች መጡ፣ ቀዳማዊና ሄቨን። ዛንዚባር ነው የሚሉት። ሄቨን ያችኑ ጥያቄ አመጣች። "አንቺ ሄደሻል?"

"አልሄድኩም።"

ኢህሳን ጉሮሮውን ጠረገ። እንዳልሰማ ሆንኩ። እትዬ ብርቅዬ ጋ ደወልኩና ስልኩን ለሄቨን ሰጠኋት። "እሳቸው ሄደዋል፤ የፈለግሽውን ጠይቂያቸው።" ሩብ ሰዓት አወሩ። ሩብ ሰዓት! እኔ አራት ዓመት እንደዛ ተናግሬ አላውቅም። ምንም መፍራት የለም፣ ምንም መፍጠር የለም። እንዴት ቀለለኝ!

ቀዳማዊ እስከዛ የሆቴሉን ፎቶ ያገላብጣል። "ከበሩ እስከ ባሕሩ ይርቃል?"

"እንደ ሰዓቱ ነው" አልኩት።

ግራ ገብቶት ሚስቱን አያት። ሄቨን ስልኬን እየመለሰችልኝ ሳቀች።

"ወንበር ይዘን እንወጣለን" አለችው።