ብረቱን ያልፈቱት አባት

ዛሬ የምንሸኛቸው እንጨት ቀራጭ፣ ሁላችሁም ጋሽ ቀስታ እያላችሁ የምትጠሯቸው፣ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ፤ ቀጥለውም ከእጅ ሙያ ትምህርት ቤት በእንጨት ሥራ ተመረቁ። ቅጽል ስማቸው የወጣላቸው መጀመሪያ በተቀጠሩበት የቤት ዕቃ መሥሪያ ነው። እሳቸውን ወንበር ያዘዘ ሰው ቆሞ ያረጃል እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። እሳቸው ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው መላጋቸውን ይቀጥላሉ።

በ1970 ዓ.ም. ከመምህርት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ሌላ ልጅ አልተጨመረላቸውም፤ የዓይናቸው ብሌን እሷ ነበረች።

በ1976 ዓ.ም. በሙዚየም ተቀጠሩ። ከዓመታት በኋላ ሙዚየሙ በባርነት ስለተሸጡ አፍሪካውያን የሚናገር አዳራሽ ሲያደራጅ፣ በሰው ቁመት የሚቆሙ ምስሎችን እንዲቀርጹ ታዘዙ። ሁሉም እጃቸው በብረት የታሰረ፣ አንገታቸውን የደፉ፣ ፊታቸውም አንድ ዓይነት የሆነ ይሁኑ ተባሉ። እሳቸውም የሙዚየሙን ኃላፊ፣ "ከእነዚህ መሃል እናት ልጇን በምን ትለያለች?" ብለው ጠየቁ። ኃላፊው እንደፈቀዱ እንዲሠሩ ተዉአቸው። ለአንዱ የሙዚየሙን ጥበቃ ፊት ሰጡት፣ ለሌላው የወንድማቸውን፤ እጇን በብረት ለታሰረችው ትንሽ ልጅ ደግሞ የገዛ ልጃቸውን። ልጅቷ ለመቀረጽ ስትቀመጥ አልረጋ እያለች አባቷን በሳቅ ታፈርሳቸው ነበር። እናቷ ግን ይሄ ሟርት ነው፣ አዳራሹን አልረግጥም አሉ።

በ1993 ዓ.ም. ልጃቸው ታመመች። ሐኪሞቹ ኩላሊት ነው አሉ፤ ክረምቱን ሳትጨርስ አረፈች። ያን ቀን ለማውራት ቤተሰባችን እስከ ዛሬ አልደፈረም።

ሐዘንተኛው ሲበተን እናቷ አዳራሹን ለመጀመሪያ ጊዜ ረገጡ፤ ልጃቸውን እጇ ታስሮ ቆማ አገኟት። ብረቱን እንዲፈቱላት ባለቤታቸው እግር ላይ ወድቀው ለመኑ። ኃላፊው እንኳ ይፈታ ብለው ነበር። እምቢ ያሉት ጋሽ ቀስታ ናቸው።

"የኔን ልጅ ፈትቼ የሰው ልጅ እንደታሰረ አልተውም፤ እነሱም እናት ነበራቸው" አሉ።

ልክ ነበሩ። ልክ መሆናቸው ለእናት ሆድ ምን ያደርግላታል? ከዚያ ወዲያ ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከአንድ ገበታ እየበሉ፣ ከግድ ቃል በቀር ሳይለዋወጡ ኖሩ። እኛ ዘመዶች በሽምግልና ገብተን አፍረን ወጥተናል። ጋሽ ቀስታ ጡረታ ከወጡ በኋላ ሳይቀር ማለዳ እየሄዱ ምስሎቹን ይወለውሉ ነበር፤ ሌላ ሰው እንዲነካቸው አይወዱም።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸው ታመመ። ሆስፒታል ተኝተው እንደማይድኑ ሲረዱ ካቻቢቴያቸውን ለባለቤታቸው ሰጥተው፣ "እኔ አልቻልኩም፤ አንቺ ፍቺያት" አሏቸው። ባለቤታቸውም የጋሽ ቀስታን ወንድም ልጅ አስከትለው ወደ አዳራሹ ሄዱ።

ብሎኑን ፈትተው ብረቱን ሲከፍቱት ውስጡ ዙሪያውን በሹራብ ተለብጦ አገኙት። የልጃቸው የትምህርት ቤት ሹራብ ነው፤ እናቷ ራሳቸው በሌላ ቀለም ክር የጠገኑት እጅጌ። ብረቱ እጇን እንዳይነካት አባቷ በመርፌ ሰፍተው አልብሰውታል። እናቷ ከጎኗ የቆመውን ልጅ ብረት ዳሰሱ፤ ሹራቡ እሱም ውስጥ አለ። ቀጥሎ ያለውንም፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውንም። ጋሽ ቀስታ ያንን ሹራብ ቆራርጠው ለሁሉም አዳርሰዋል። እናቷ ወለሉ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ ከዚያም ተነስተው ብሎኑን በገዛ እጃቸው መልሰው አጠበቁት።

ሆስፒታል ሲመለሱ ጋሽ ቀስታ፣ "ፈታሻት?" አሉ።

"አልፈታኋትም። ከጓደኞቿ ጋር ትሁን።"

እጅ ለእጅ ተያይዘው አደሩ። ጋሽ ቀስታ በማግስቱ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ73 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ታናሽ ወንድማቸውና እኛ የወንድማቸው ልጆች በሐዘን ቀርተናል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከልጃቸው ጋር ያገናኝልን፤ ለባለቤታቸው መጽናናትን ይስጥልን። የት እንደደረሱ እናቶቻቸው ሳያውቁ ለቀሩት ልጆች ሁሉ ዕረፍትን ይስጥልን።