ከደወሉ በፊት አምስት ደቂቃ

ጥቅምት 6

ዛሬም ስብሰባ። ከክፍል ወጥተን ጠመኔውን እንኳ ከእጃችን ሳናራግፍ። ምክትል ርዕሰ መምህሯ አዲስ ነገር ይዘው መጡ። በየትኛውም ትምህርት፣ ደወል ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀረው ተማሪው በራሱ ቃል ይጻፍ። የገባውን፣ ያልገባውን። ማርክ የለውም።

የጂኦግራፊው መምህር አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ካርታ ነው የምንለው። "እኔ ካስጻፍኩ የቋንቋ መምህሩ ምን ሊሠራ ነው? ዝናብ ሊያዘንብ?" አለኝ በሹክሹክታ። ሳቄን አፍኜ ሞትኩ። እኔስ ብሆን... ለኬሚስትሪ ድርሰት ምን ይፈይዳል?

ጥቅምት 9

ሞከርኩት። "ጨው ውሃ ውስጥ ሲጨመር ምን ይሆናል? በራሳችሁ ቃል።"

"ቲቸር፣ መጽሐፉ ላይ ያለውን ነው?"

"አይደለም።"

"እንዴ፣ ታዲያ ከየት እናምጣው?"

ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ አቀረቀሩ። ያ ገበያ የሚመስል ክፍል እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

ማታ ወረቀቶቹን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሳነብ እማዬ ሳህን ይዛ ቆመች። "ዛሬ ወረቀት ነው የምንበላው?"

አብዛኛው ከመጽሐፉ የተቀዳ። አንዷ ግን... መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው፣ ባለ መነጽሯ። ዘንድሮ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ የመጣች። ድምጿን ሰምቼው አላውቅም። እንዲህ ብላለች፦ "ውሃው ጨውን እየጎረሰ ይውጠዋል። ማንኪያው ሲደጋገምበት ግን ይጠግብና እንቢ ይላል። የተረፈው ታች ይቀመጣል። ሙቅ ውሃ ሆዱ ሰፊ ነው። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።"

ሳቄ መጣ። ለእማዬ አነበብኩላት። እሷ አልሳቀችም። "ምን ያስቃል? እውነቷን እኮ ነው" አለችና ወረቀቶቹን በክርኗ ገፋ አድርጋ ሳህኑን አስቀመጠች።

ጥቅምት 10

ለምን ክፍል ውስጥ አነበብኩት?

ስሟን አልጠራሁም። ግን ድምፄን ለወጥ፣ እጄን ወዘወዝ አድርጌ ነው ያነበብኩት። "ሆዱ ሰፊ ነው" ስል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ይኼ ነው አልዋጥ ያለኝ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ደግሞ "ኬሚስትሪ ተረት አይደለም፤ ውሃ ሆድ የለውም" ብዬ ጨመርኩበት።

ማን እንደጻፈው ለማወቅ ሁሉም ይዞራል። እሷ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ አቀርቅራለች። ከኋላ አንዱ "ጥጋቧ!" አለ። በቃ፣ ስም ወጣላት።

ላዝናናቸው ብዬ እንጂ ክፉ አስቤ አልነበረም... ለማን ነው የማስረዳው?

ጥቅምት 14

የሚቀጥለውን ሳምንት ትምህርት ሳዘጋጅ እጄ ቆመ። ርዕሱ ምን ሆነና! ውሃ ከአንድ መጠን በላይ ጨው እንደማይቀበል፣ ሲሞቅ ደግሞ ጨመር አድርጎ እንደሚቀበል። ገና ያላስተማርኩትን ልጅቷ ቀድማኝ ደርሳበታለች። ወጥ ቤት ቆማ፣ በማንኪያ ሞክራ መሆን አለበት። ያልገባትንም ለይታ አውቃዋለች። ስንቱ ያውቃል፣ ያልገባው ምኑ እንደሆነ?

እኔ ደግሞ መሳቂያ አደረግኳት።

ጥቅምት 16

ወረቀቷ ላይ አንድ ቃል ብቻ። "ገብቶኛል።"

የጎረቤቷም "ገብቶኛል።" ከኋላ ያሉትም። ክፍሉ በሙሉ! ማን ሞኝ አለ ከዚህ በኋላ አልገባኝም ብሎ የሚጽፍልኝ?

ካርታ ክምሩን አይቶ "ታድለሽ፣ ሁሉም ገብቷቸዋል" አለኝ። "የኔዎቹ በጥያቄ ራሴን አዙረውታል። ትናንት አንዱ ደመና ለምን አይወድቅም ብሎ ጽፎ፣ እንቅልፍ ነሳኝ።" ያ የቀለደው ሰውዬ ወዶታል። እኔ ምን ብዬ ልንገረው?

ጥቅምት 20

ክፍል ፊት ቆሜ ተናገርኩ። የሳቅንበት ጽሑፍ ልክ ነበር፣ የዛሬው ትምህርት ራሱ እሱ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። ከኋላ "ጥጋቧ ጎበዝ!" ሲል አንዱ... እንደገና ሳቅ። እንደገና አቀረቀረች። ልክስ ብዬ ጭራሽ ቁስሉን ነካካሁት።

በእረፍት ሰዓት ብቻዋን ጠራኋት። መጀመሪያውንም እንዲህ ነበር ማድረግ የነበረብኝ።

"አጥፍቻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"ኧረ ምንም አይደል፣ ቲቸር።"

"እንደ በፊቱ ትጽፊልኛለሽ?"

"እሺ፣ ቲቸር።"

እሺታዋ አንጀቴን በላው። መምህሯን እንቢ ማለት ስለማትችል ያለችው እሺ ነው።

ጥቅምት 27

ባዶ ወረቀት።

ኅዳር 3

አሁን እኔም አብሬያቸው እጽፋለሁ። ያልገባኝን፣ ሰሌዳው ላይ። "ቲቸር፣ እርስዎም የማይገባዎት ነገር አለ እንዴ?" አለ ያ "ጥጋቧ" ያላት ልጅ፣ ዓይኑን አፍጥጦ። "ሞልቷል" አልኩት። ዛሬ እሱ ራሱ ግማሽ ገጽ ጻፈ። ሌሎቹም አንድ በአንድ እየተመለሱ ነው። እንዳልቀልድባቸው እየፈሩ፣ በጥንቃቄ።

እሷ ግን አልተመለሰችም።

ኅዳር 5

አባቷ መጡ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ረስተውት ነው የመጡት። "ልጄ ክፍል ቀይሩልኝ ትላለች። ምን ሆንሽ ስላት አትናገርም። እርስዎ ያውቁ ይሆን ብዬ ነው።"

ነገርኳቸው። ሳልቀንስ።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። የሜትሩን ጫፍ ጣታቸው ላይ እየጠቀለሉ ቆዩና "ቤት እኮ አፏ አያርፍም ነበር። ወጥ ቤት ገብታ ያልደባለቀችው ነገር የለም። እናቷ ስትጮህባት..." ብለው አቆሙ። "ነበር" አሉ። ነበር።

ይቀየርላት አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ኅዳር 6

መስኮቱ ሥር ማንም የለም። እማዬ "ዛሬ ምን ሆነሻል?" አለችኝ። ነገርኳት። "እንግዲህ ሌላ ሰው ያስተምራታል" አለች። ለማጽናናት ነው ያለችው...

ኅዳር 19

የተዛወረችበትን ክፍል ጂኦግራፊ የሚያስተምረው ካርታ ነው። "ያቺ ባለ መነጽር ወረቀት አልበቃ ብሏታል። ነይና እያት" አለኝ። ደስ አለኝ። ቅር አለኝ። ሁለቱም።

ሄድኩ። የመጨረሻው ዴስክ ላይ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። ሊደወል ሲል ካርታ "ዝናቡ ለምን ከተራራው በአንዱ ጎን ብቻ ይበረታል? በራሳችሁ ቃል" አላቸው። ሁሉም አቀረቀረ። እሷ ከሁሉም ፈጥና። መነጽሯን በእጇ አንጓ ወደ ላይ ትገፋለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትጽፋለች። ለካ ስትጽፍ እንዲህ ናት። አይቻት አላውቅም ነበር።

ማጥፊያ ልትዋስ ዞር አለች። አየችኝ።

እጇ ቆመ። ወረቀቱን ቀስ ብላ ገለበጠችው። ክንዷን ጫነችበትና እንደጨረሰ ሰው ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

ተነሣሁ። ካርታ "ምነው?" አለኝ በዓይኑ። "ምንም" ብዬ በሩን ድምፅ ሳላሰማ ዘጋሁት። በመስኮቱ እንዳልታያት ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ሄጄ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ደወል እስኪደወል።

ካርታ ወረቀቶቹን ታቅፎ ወጣ። "ላንብበው?" የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

"ጨረሰችው?" ብቻ አልኩ።

"አዎ፣ ከወጣሽ በኋላ" አለኝ።