ሃያ ሁለት ነጥብ አራት ሊትር የዘመሮ አየር

ውድ እፀገነት፣

ራቤል ላይ በጤና እንዳለሽ፣ የልብስ ስፌቱም ሥራ ደህና እንደ ሆነ ከእህትሽ ከየምሥራች ሰማሁ። እኔም አለሁ። የጠመኔው አቧራ ከደረቴ አልወጣ ብሏል፤ ጉልበቴም አልታዘዝ ካለኝ ቆይቷል። ሃያ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ ጡረታ ለመውጣት አንድ ሴሚስተር ቀረኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደክሞኛል። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሽ አንድ ፈተና ሰጥቻችሁ ነበር። «ከክፍላችን አየር 22.4 ሊትር ብንቀዳ ስንት ሞለኪውል ይኖረዋል? አቶሞቹስ?» ይላል። ናይትሮጅንም ኦክስጅንም እንደ ጥማድ በሬ ሁለት ሁለት አቶም ሆነው ነው የሚሄዱ እያልኩ አስተምሬ ስለነበር እጥፍ ማድረጉን አልሳትሽም። ሞለኪውሉን ግን ሌላው ሁሉ 6.02 × 10²³ ሲል አንቺ «ከዚያ ያነሰ» ብለሽ ጻፍሽ። ኤክስ አደረግሁበት።

ወረቀቱን ይዘሽ መጣሽ።

«መምህር፣ እዚህ ደጋው ላይ አጥብቄ የከደንኩት ባዶ ሃይላንድ ከአባቴ ጋር በግ ልንሸጥ ቆላ ስንወርድ ይጨመደዳል። የታቹ አየር ተጭኖት ነው። የኛ አየር ሳሳ ያለ ነው፣ መጽሐፉ እንዳለው አይሞላም» አልሽኝ።

«ታዲያ የኛን የመንዝን አየር በወንፊት ነፍቶ የላከልን ማን ነው?» አልኩሽ። ተማሪው ሁሉ አውካካ። አንቺ ወረቀቱን አጣጥፈሽ ተቀመጥሽ፤ ከዚያ ወዲያ በእኔ ክፍል እጅሽን አላወጣሽም። አሥራ አንደኛ ስትገቢ ሶሻል መረጥሽ። ለምን እንደ ሆነ ልቤ ያውቅ ነበር፤ አልጠየቅሁሽም።

አምና ለእህቴ ለቅሶ መርሐ ቤቴ በአውቶቡስ ስወርድ፣ ደጋው ላይ ጠጥቼ የከደንኩት ሃይላንድ ጀማ ድልድይ ስንደርስ እግሬ ሥር ቋ ቋ እያለ ተጨመደደ። ማንም አልነካውም። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ለእህቴ የማለቅስ መስሏቸው ያጽናኑኝ ነበር፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ያለቀስኩት ስለ አንቺ ነው። ስመለስ መጽሐፉን ገለጥኩ። «በዜሮ ዲግሪና በባሕር ወለል ግፊት» ይላል፣ ቁልጭ ብሎ። ለፈተና አይመጣም ብዬ በየዓመቱ የምዘለው ሐረግ ነው። ባሕር አይቶ የማያውቀውን የዘመሮ ልጅ የባሕሩን አየር ሳስቆጥር ኖሬያለሁ። አስልቼ አየሁት፤ ከዚያ ቁጥር ሲሶ ያህሉ እዚህ የለም። ልክ ነበርሽ። ያን ጊዜ ልጽፍልሽ ይገባኝ ነበር፤ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖብኝ ዝም አልኩ።

ዛሬ ያንኑ ጥያቄ ለየምሥራች ክፍል ሰጠሁ። «በዘመሮ ከፍታ» የሚል ጨመርኩበት። እሷም 6.02 × 10²³ ብላ ጻፈች። ጠራኋት።

«ቆላ ስትወርጂ የተከደነ ሃይላንድ ሲጨመደድ አላየሽም?»

«አይቻለሁ፣ መምህር።»

«ታዲያ?»

አንገቷን ደፋች። «እትዬ እፀገነት ‹ያየሽውን አትጻፊ፣ መጽሐፉ ያለውን ጻፊ፤ በኋላ ይሥቁብሻል› ብላኛለች።»

ወረቀቷን መልሼላት አሰናበትኳት። ለከርሞ የምትገባበትን ዘርፍ የምትመርጥበትን ቅጽ የፊታችን ዓርብ ትሞላለች፤ ከአንቺ ይልቅ ሒሳብ የምትወድ ልጅ ሶሻል ልትል ነው።

ነገ ክፍል ገብቼ ስምሽን ጠርቼ ጥፋቴን እናገራለሁ። ግን እኔ ስነግራት መምህር ስላለ ብላ ደብተሯ ላይ ትጽፈዋለች እንጂ አታምነኝም። አንቺን ታምንሻለች። ይቅርታ ባታደርጊልኝ አልቀየምሽም፤ ከዓርብ በፊት ግን ደውለሽ ልክ እንደ ነበርሽ ንገሪያት።

የበደለሽ መምህርሽ፣
ወልደ ጻድቅ
ዘመሮ