በሰማያዊ ገመድ የታሰረው በር

ወንድም ጋሼ ቴጊድ፣

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አርባ ሰው ብስክሌቱን ይዞ ባሕሩ ዳር ቆሟል፤ የክለባችን ሊቀመንበር ጌቲን የጉዞውን ካርታ ያድላል። ተቀብዬ ገለጥኩት። «መንገዱን ያጠናው ጌቲን» ይላል። የእኔ ስም የለም። ይህንስ ልዋጠው ብል፣ ስለ ሰባተኛው በር የጻፍኳት አንዲት መስመርም ከስሜ ጋር አብራ ጠፍታለች።

ይኸው፣ ንዴቴ ሰላምታዬን ቀደመው፤ ይቅር በለኝ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ወገብህን ተሻለህ ወይ? የኒውዚላንድ በጎች ከእኛዎቹ ይከብዳሉ ብለህ ነበር፤ ሸለታው አለቀላችሁ? ማራማስ እንዴት ናት? ትንሿ አኒ ጥርስ አወጣች? እኛ ደህና ነን። አባባ ጉልበቱ እያመመውም የዘንድሮዎቹን ግልገሎች አዋልዶ ጨርሷል። እማማ ያንተን ፎቶ ከማቀዝቀዣው በር ላይ አንስታ ሳሎን ሰቅላዋለች፤ ሹመት አግኝተሃል ማለት ነው።

አባባ በስልክ ሁሉን እንደነገረህ አውቃለሁ። «ትፈርምና ይለፍ፤ መንገድ አይደል እንዴ» ማለትህንም ነግሮኛል። ስለዚህ በቀጥታ ካንተ ጋር ላውራ። መንገዱን መጀመሪያ ያሳየኸኝ አንተ ነህና።

ያሳየኸኝ ግማሹን ነበር፤ የቀረውን ክረምቱን ሙሉ እየፈለግሁ ገጠምኩት። አሁን ብታየው! ባሕሩ ሲሸሽ በእርጥቡ አሸዋ ላይ ትጀምራለህ። ጎማው ድምፅ የለውም፤ የምትሰማው ነፋሱንና የራስህን ትንፋሽ ነው፤ ጨዉ ከንፈርህ ላይ ይቀራል። ከወንዙ አፍ ስትታጠፍ የድሮውን የድንጋይ ካባ መንገድ ትይዛለህ። እዚያ ኮረኮንቹ በሙሉ የተሰባበረ ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ስለሆነ ከሥርህ እንደ ሸክላ ሳህን ይንኳኳል። ከዚያ ጫካው ይውጥሃል። አሁን ኤፕሪል ማብቂያ ላይ መሬቱ በሰማያዊ አበባ ተነጥፏል፤ የጫካው ነጭ ሽንኩርት አፍንጫህን ይሰነፍጥሃል። ሸለቆው ውስጥ ጅረቱን ሦስት ጊዜ ትሻገራለህ፤ ሦስተኛውን እግሬ ሳይርስ አለፍኩት የሚል ሰው ውሸታም ነው። በመጨረሻ ማርሹ አልቆብህ ወርደህ ልትገፋ ስትል ጥዱ ይከፈትና፣ ሸለቆውንም ባሕሩንም አንድ ላይ ታያለህ። እኔ ባየሁት ቁጥር እግዜርን ላመሰግን አፌን እከፍታለሁ፤ ግን ትንፋሽ ያጥረኛል።

መንገዱ የሰባት ገበሬ መሬት ያቋርጣል። ሰባቱንም ቤት ለቤት እየዞርኩ አስፈቀድኩ። ሰባተኛዋ፣ የብሪን ኤይቲን እርሻ ባለቤት እትዬ ኤይርዌን፣ ሁለት ጊዜ መለሱኝ። «ብስክሌተኛ እንደ ዝንብ ነው፤ አንዱን ካስገባሽ መቶው ይከተለዋል» አሉኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ብቻቸውን ዝናብ ውስጥ በግ ሲያሰባስቡ አገኘኋቸው፤ ብስክሌቴን ጥዬ አብሬያቸው ሮጥኩ። ጭቃው እስከ ጉልበቴ ደረሰ። ሲያበቃ ሻይ ቀዱልኝና «እሺ እንግዲህ፣ ግን አንድ ነገር» አሉ። «በግልገል ወቅት ያቺን በር በሰማያዊ ገመድ ክፍት አስሬ እተዋታለሁ። በጎቼ ከላይ ግጠው ታች ጅረቱ ጋ የሚጠጡት በእሷ ነው። ማንም እንዳይዘጋት።» እኔም ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ በሳልኩት ካርታ ላይ በቀይ ጻፍኩ፣ ለጌቲንም ገልብጬ ሰጠሁት፦ ሰባተኛው በር ክፍት ታስሯል፤ እንዳትዘጉት።

ቅዳሜ ለት ጌቲንን ገለል አድርጌ «ያቺ መስመር የታለች?» አልኩት። ሳቀ። «ፕሮፌሰሯ፣ በጠዋቱ ፈተና አታውጪብን! ያንቺን ሐተታ ሁሉ ብናስገባው መጽሐፍ ይወጣው ነበር» አለ። «እንግዲያው አሁን በቃልህ ንገራቸው» አልኩት። «እነግራለሁ፣ እነግራለሁ። አንቺ መንገዱን ስለምታውቂው ከኋላ ሁኚና የቀረውን ሰብስቢ» ብሎ ፊሽካውን ነፋ። አልነገራቸውም። እኔም ጮክ ብዬ አልተናገርኩም፤ ስሙ ስለቀረባት ነው ያኮረፈችው እንዳይሉኝ ፈራሁ። የእኔ ጥፋት ይህች ናት። ከዚህች ሌላ አልሸከምም።

ሁለት ሰዎች ጎማ ተነፈሰባቸውና ካመናዳሪ ስንቀይር ቆየን፤ ሰባተኛው በር ስንደርስ ቀትር ሆኗል። በሩ ተዘግቷል። እንዴት ያለ ጨዋ አዘጋግ መሰለህ! መቀርቀሪያው ገብቷል፤ ሰማያዊው ገመድ ተፈትቶ፣ በወግ ተጠቅልሎ፣ ቋሚው ላይ ተሰቅሏል። ማንም ክፉ አላሰበም። እኛ አገር ልጅ ሁሉ «በሩን ዝጋ፣ በጎቹ ይወጣሉ» እየተባለ አይደል የሚያድገው? ክፍት በር ሲያይ እጁን ይበላዋል። በጎቹ ታች፣ ግልገሎቹ ላይ ቀርተው ጩኸታቸው ሸለቆውን ሞልቶታል። በሩን በርግጄ ስከፍተው እናቶቹ ገፍተውኝ አለፉ። አንዷ ግን ልጇን አላገኘችም። ግልገሏ ከበሩ ሥር ባለው የውሃ ቱቦ ልትሾልክ ስትል ተቀርቅራ ሰጥማለች። ጎትቼ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ገላዋ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ማክሰኞ እትዬ ኤይርዌን በጎቹን ከነግልገሎቻቸው ወደ ጅረቱ አውርደው በሩን በሰንሰለት ቆለፉት፤ መንገዱ ተቆረጠ። በዚያው ቀን ክለቡ ተሰበሰበ። ጌቲን ተነሥቶ ምን አለ? «መንገዱን ያጠናችው እኮ ሊኔድ ናት፤ ማስጠንቀቅ የነበረባትም እሷ ናት።» ቅዳሜ የእሱ የነበረው መንገድ ማክሰኞ የእኔ ሆነ። ከልጅነታችን ጀምሮ ጋሽ ጌቲን ስንለው አልነበር? ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሽ ማለቱን ትቻለሁ።

ሐሙስ ቤታችን መጣ። የተጻፈ ወረቀት ይዟል። ማስጠንቀቂያውን ካርታው ላይ ማስገባት የረሳሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ ኤይርዌን ይቅር ይበሉኝ ይላል። «አሮጊቷ ይወዱሻል፤ ፈርሚና በሩን ይከፍታሉ። የጁኑ ትልቅ ጉዞ ይድናል። ስምሽንም ከታች እናስገባለን» አለ። ከታች! አባባ ብዕር አቀበለኝ። ያቺን ብዕር ጠረጴዛው ላይ መልሼ ማስቀመጥ ያንን ዳገት ከመውጣት በለጠብኝ።

በማግስቱ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ብሪን ኤይቲን ሄድኩ። እትዬ ኤይርዌን መነጽራቸውን አድርገው ቀዩን መስመር አነበቡ።

«ይህን ለማን ሰጠሽው?» አሉኝ።

«ለጌቲን።»

«ካርታው ላይ ያለውስ የማን ስም ነው?»

«የጌቲን።»

«ታዲያ ስሙ እዚህ ድረስ ከመጣ ሰውየው የት ቀረ?» አሉና ጫማዬን አዩት። «አንቺ ሦስት ጊዜ ጭቃ ረግጠሽ መጣሽ። እሱ ጫማውን እንኳ አላሳየኝም።» ሻይ ቀድተውልኝ በዘቢብ የተጋገረውን ዳቦ ወፍራም ወፍራም አድርገው ቆረሱ። ወረቀቱን ስነግራቸው ቢላዋቸውን አቆሙ። «ያንን ውሸት ብትጽፊልኝ በሩን እከፍተው ነበር። ላንቺ ግን ሁለተኛ ሻይ አልቀዳም ነበር» አሉኝ። ሰንሰለቱ የሚፈታው ጌቲን በእግሩ መጥቶ እውነቱን ሲናገር ነው። ለእኔ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ አሳይተውኛል።

ትናንት ብቻዬን ወጣሁ። በሩን ከፍቼ፣ እስክመለስ በሰማያዊው ገመድ ክፍት አስሬ፣ አናቱ ላይ ቆሜ ባሕሩን አየሁት። አሁንም ትንፋሽ አጠረኝ።

ጌቲን እስከ ዛሬ አልሄደም። የጁኑ ጉዞ ሳይቀር አይቀርም፤ ሱቅ ስገባ «ለአንድ ስም ብለሽ የስንቱን ደስታ ቀማሽ» ይሉኛል። ያማል፤ አልዋሽህም። ግን መንገድ አይደል እንዴ ያልከው መንገድ፣ ሰባት ሰዎች ዓይኔን አይተው አምነውኝ የከፈቱት ነው። ያንን ወረቀት ብፈርም ዳግመኛ በየትኛው ፊቴ አንኳኳለሁ?

ማራማን አቅፈህ ሳምልኝ። አኒን ሁለቱንም ጉንጯን ንከስልኝ፣ ቀስ ብለህ። አብረውህ ለሚሸልቱት ሁሉ ሰላምታዬን አድርስ። እማማ ወፍራም ካልሲ ልካልሃለች፤ አክስታችን ማይር «ጢሙን ይላጭ» ብላለች። አባባ ደግሞ ትናንት ብስክሌቴን አጥቦ፣ ካቴናውን ዘይት ቀብቶልኛል።

ስትመጣ አብረን እንወጣዋለን፤ አንተም መጀመሪያ ብሪን ኤይቲን ገብተህ ታስፈቅዳለህ። እስከዚያው ይህን ያዝልኝ። ምስጋና ሲሆን የሚጠፋ፣ ጥፋት ሲሆን የሚገኝ ስም የለኝም። መንገዱን ስለማውቀው ተብዬ ከኋላ አልነዳም። ከእንግዲህ «ፈርመሽ ይለፍ» የሚለኝን ሰው፣ አንተም ብትሆን ወንድም ጋሼ፣ አልቀበለውም።

እህትህ ሊኔድ
አበርሄሊግ፣ ዌልስ
ኤፕሪል 29